ለእንግዳ ብቻ የሚታይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ አፉ እንደ ወትሮው ጤነኛ ነው። ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልህ፣ በስልክ ስናወራ መሃል ላይ «እማዬ፣ ኔትወርኩ» ብለህ ስለምትጠፋብኝ ነው። ደብዳቤ አይቆራረጥም። ደግሞም የምነግርህ ነገር ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ታውቀኛለህ፣ እርምጃ መዝለል አልወድም።

ነገሩ ስለ ብሎጌ ነው።

ጡረታ ስወጣ «ሰሌዳሽን ኢንተርኔት ላይ ልስቀልልሽ» ብለህ የሠራህልኝ ይህ ብሎግ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀጠለልኝ አልደብቅህም። በየሳምንቱ አንድ የሂሳብ ጥያቄ አወጣለሁ፤ ክፍል ውስጥ አደርገው እንደነበረው እርምጃ በእርምጃ እሠራዋለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ እናትና አባት ሆነው ከልጆቻቸው ጋር ይከፍቱታል። መንገድ ላይ «ቲቸር፣ የሐሙሱ ጥያቄ እኮ ቤታችንን አጣላው!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር።

ነበር ነው የምልህ። ከክረምቱ ወዲህ ሰው ዝም አለኝ። አስተያየት የሚጽፍ ጠፋ። ልብስ ሰፊው እኔ ሳልፍ አንገቱን ወደ መኪናው ይደፋል፤ ቀድሞ ከሩቅ ነበር የሚነሳልኝ። ጥያቄዎቹ ከብደዋቸው ይሆናል ብዬ አቀለልኳቸው። ሰው ግን አልተመለሰም።

ባለፈው ሳምንት ለአባትህ የጉልበት ቅባት ልገዛ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ የድሮ ተማሪዬ ናት። ከቁመቷ የተነሳ ቀጭኔ የምትሏት፣ ካንተ በላይ ባለው ክፍል የነበረችው። ቅባቱን ጠቅልላ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ምን ሆነሻል አንቺ? አኮረፍሽኝ እንዴ?»

«አይ፣ ምንም ቲቸር።»

«ምንምሽ እንዲህ ፊት ያስጠቁራል?»

«አይቆጡኝና ቲቸር፣ ጡረታው አልበቃ ብሎዎት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ ነው የማይበቃኝ?»

ስልኳን አውጥታ ብሎጌን ከፈተችልኝ። ልጄ፣ ያየሁትን ለመጻፍ እጄን ይቀፈዋል። ከላይ የእኔ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ጎኖቹ በደንብ ተሰይመው። ከሥሩ ልብስ ያለቀባት የምትመስል ሴት የመጫወቻ ካርታ ይዛ በዓይኗ ትጠቅሳለች። ከጎኗ «ዛሬ ተወራረድ፣ ነገ ቱጃር ሁን» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ክፉው ይህ አልነበረም። «መልሱን አሳይ» የምትለዋን ቁልፍ ታውቃታለህ፤ ልጆቹ ሠርተው ሲጨርሱ የሚነኳት። ቀጭኔ ነካቻት። መልሱ አልመጣም። የቁማር ቤት በር ተከፈተ።

«ልጄ ትክክል ሠርቼ እንደሆነ ልይ ብላ ነው የነካችው» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ እርስዎን ከቤታችን አስወጣሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ቅባቱን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ብሎጉ ንጹሕ ነው! ስልኬንም አየሁ። ንጹሕ። ወዲያው ደወልኩላት።

«ስልክሽ ነው የታመመው።»

«የባለቤቴም፣ የልብስ ሰፊውም ስልክ ተያይዘው ታመሙ ቲቸር?»

ስለዚህ እንደማውቀው ሠራሁ። ስህተት ስትፈልግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ተመልከት። ብሎጉ ላይ ያሉትን ተጨማሪ መሣሪያዎች አንድ በአንድ አጠፋሁ። ቀጭኔ በስልኳ እያየች ትነግረኛለች።

«አሁንስ?»

«አለች።»

«አሁንስ?»

«ቲቸር፣ ሴትዮዋ ተከራይታ የገባች ነው የሚመስለው፤ የምትለቅ አይመስለኝም።»

አባትህ ከሶፋው ላይ ጆሮውን አቆመ። «የማን ሴትዮ ናት?»

«አንተን አይመለከትም።»

«ሴትዮ ከተባለ እንዴት ነው የማይመለከተኝ?»

በመጨረሻ ገጽታውን፣ እናንተ ቴም የምትሉትን፣ ከብሎጉ ጋር መጀመሪያ በመጣው ተራ ገጽታ ቀየርኩት። «ሄደች!» ብላ ጮኸች ቀጭኔ። ስለዚህ ቆሻሻው ያለው ገጽታው ውስጥ ነው ማለት ነው። ክረምት ላይ «አሮጌው ለስልክ አይመችም» ተብሎ የተቀየረልኝ ገጽታ ውስጥ።

ያን ቀን የተነገረኝ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ‹ውጣ› የምትለዋን አትንኪ፣ ፓስዎርድሽን ትረሺዋለሽ።» የሺህ ተማሪ ስም በቃሌ የያዝኩ ሴት አንድ ፓስዎርድ እረሳለሁ? ግን ልጅ ለእናቱ የሚለውን ምን ብዬ እጠራጠራለሁ፤ ታዘዝኩ። ከክረምት ጀምሮ ከብሎጌ ወጥቼ አላውቅም።

ያንን ገጽታ መልሼ አስገባሁና «ውጣ»ን ነካሁ። ከዚያ እንደማንኛውም መንገደኛ ወደ ገዛ ብሎጌ ገባሁ። ሴትዮዋ ቆማ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

እንዲህ ያለ ቤት አይተህ ታውቃለህ? እመቤቲቱ የምትቀመጥባት ክፍል ብቻ የተጠረገች፣ የእንግዳ መቀበያው ግን ሽንት ቤት የሆነ? እኔ ስንት ወር ሙሉ ንጹሑ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ «ሰው ምነው ራቀኝ?» እላለሁ። እንግዳው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚወጣው።

ሰው ከመወንጀል በፊት ሥራን መፈተሽ ይገባል። ገጽታው ከሠሪዎቹ ዘንድ ቆሽሾ መጥቶ ይሆናል ብዬ ያንኑ ገጽታ ከራሳቸው ድረ ገጽ አወረድኩና ከእኛው ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አነጻጸርኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የእነሱ ንጹሕ ነው። የእኛ ላይ የተጨመሩ መስመሮች አሉ። ኮድ አልችልም፤ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ነው። ያየው ሰው ባለቤቷ ከሆነች መልሱን አሳይ። ካልሆነች ቁማሩን አሳይ። ይኸው ነው ጥበቡ።

ታዲያ ከእያንዳንዱ የተጨመረ መስመር ጎን ምክንያቱ ተጽፏል። የውጭ ፊደል ለብሶ፣ በእኛው ቋንቋ፣ አጭርና ግልጽ ሆኖ። ያቺ «ባለቤቷ ከሆነች» የምትለዋ መስመር ጎን ያለው እንዲህ ይላል፦ «እሷ እንዳታይ»።

ሌባ ምክንያቱን አይጽፍም፣ ልጄ። የማያውቀኝ ሌባ እኔ አየሁ አላየሁ ምን ገዶት። «ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን ለምን እንደሆነ ጻፉ» እያልኩ ስንቱን ለመንኩ፤ አብዛኞቹ እኔ ፊት ብቻ ይጽፉ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው፣ የሱቅ መልስ ሲያሰላ እንኳ ምክንያቱን የሚጽፍ አንድ ተማሪ ነው የማውቀው። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ኪቦርዱን በአልኮል ጠረግሁት፤ ቆሻሻው እዚያ እንዳልሆነ እያወቅሁ። ቁማሩ አይደለም ያስጠላኝ። ቁማርተኛ መንገድ ዳር ቆሞ ይጣራል፤ ፊቱን ታያለህ፣ ታልፈዋለህ። ያስጠላኝ በእኔ ስም፣ በእኔ ሰሌዳ፣ መልሱን ልይ ያለ ልጅ ጣት መጠመዱ ነው። አስቦ፣ አስልቶ፣ እርምጃ ሳይዘል። ሥራው ንጹሕ መሆኑ ደግሞ የባሰ ይሰቀጥጠኛል። ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ለአባትህ ሌባ ገባ አልኩት። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ «ለልጅሽ ንገሪው! በአንድ ጠቅታ አንገቱን አንቆ ያመጣልሻል» አለኝ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ወጥ ላማስል መስዬ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ሌላም የተመለከትኩት ነገር አለ። «ሥራ እንዴት ነው?» ስልህ «አሪፍ ነው» ትለኛለህ። የምትደውልልኝ ግን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ከበስተኋላህ የሚታየው ግድግዳም ቀለሙ የተላጠ የመኝታ ክፍል ግድግዳ ነው። ይህም ከክረምቱ ወዲህ ነው። አልጠየቅሁህም። አሁንም አልጠይቅህም። ችግር ሰውን ብዙ ነገር ያስነካዋል፤ ይገባኛል። በልጆች ደብተር ላይ ቁማር ቤት ለመክፈት ግን ፈቃድ አይሆንም።

ክፍልህን አባትህ የአሮጌ ጋዜጣ መጋዘን አድርጎት ነበር። ትናንት አስወጣሁት፤ አልጋውንም አነጠፍኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «አቧራ» አልኩት።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ። ያንን ገጽታ ከሥሩ አጥፍቻለሁ። ፓስዎርዱን ቀይሬአለሁ። ከእኔ በቀር አድሚን የለም። ብሎጉ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ብቻ ነው የሚታየው። ለሰዎቹ ምን ብዬ እንደምከፍተው ቸግሮኝ ስንት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። «ሌባ ገባ» ብል ሁሉም ያምነኛል፤ ቀጭኔም ታቅፈኛለች። ግን የተሳሳተ መልስ እያወቅሁ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም፣ አሁን ጡረታ ላይ ሆኜም አልጀምርም።

ስለዚህ ለአንተ አዲስ መግቢያ ከፍቼልሃለሁ። ማዕረጉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፤ ይጽፋል እንጂ ማውጣት አይችልም። የጻፍከው ረቂቅ ሆኖ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ አይቼ፣ አርሜ፣ ካለፈ አወጣዋለሁ። የምትጽፈውን ታውቃለህ። የቀጭኔ ልጅ አንብባ እንድትረዳው አድርገህ ጻፈው። «ችግር ተፈጥሮ ነበር» አትበል፤ ችግር ራሱን አይፈጥርም። ማን፣ ምን፣ ለምን። ካላሟላ እመልስልሃለሁ፤ ስንት ጊዜም ቢሆን እመልስልሃለሁ፣ እስኪስተካከል ድረስ። እኔ እንደሆንኩ በትዕግሥት አልታማም።

ልብስ ሰፊው ዛሬም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ቀድሜ ሰላም አልኩት።

ፈጣሪ እጅህን ከእንዲህ ያለ እንጀራ ያውጣልህ። ደጅህን የሚያስከብር ሥራ ይስጥህ። ብርድ እንዳይመታህ፣ ሳትበላ አትደር።

ረቂቅህን እየጠበቅሁ ነው።

እናትህ