አባባ የተቀመጠበት ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ትንሽ ቀለል አለሽ? የእኔን ጤና ከጠየቅሽኝ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላውን ስታነቢ ታገኚዋለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ አባባ ከተኛ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ነግረሽኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያሞቅ የኖረ ሰው ይህን የሳንባ ብርድ ከየት አመጣው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬም ነበር፤ እኔኑ ፈጀኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ያስጠገነ ሰው የእጅ ዋጋ በዛብኝ ብሎ ሲከስ ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ምን ተፈታ፣ ምን ተገጠመ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ ብዬ ተገቢውን ዋጋ እወስናለሁ። ብርዱ ሲገባ ከእናንተ ከተማ የአንዲት አስተማሪ አቤቱታ ደረሰኝ። ሠራተኛው የጋዝ ማሞቂያዬን በሁለት ሰዓት ጠግነው ጨረሱ፤ ከዚያ ዕቃቸውን ሰብስበው አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሦስት ሰዓት አስከፈሉኝ ይላል። የተያያዘውን ደረሰኝ ሳየው የአባባ እጅ ነው። ሦስት ቁጥርን እንደዚያ ጅራት የሚያስረዝምላት ሌላ ማን አለ?

ለአለቃዬ አባቴ ነውና ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለአባቷ አደላች እንዳይሉኝ ፈራሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአባቷ እንኳ የማታደላ መባልም አማረኝ። መቀመጥ ሥራ አይደለም፣ የአንዱን ሰዓት ይመልስ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊርማዬን ማየቱ አይቀርም። በስልክ ሳገኘው ግን በርቺ፣ ሥራሽን አክብሪ ብቻ ነው ያለኝ።

ለምን እንደሚቀመጥ አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ እማዬ። ያን ቀን የእኛን ማሞቂያ ጠግኖ ወዲያው ወደ ሌላ ደንበኛ ሲሮጥ፣ አንቺ ገበያ ነበርሽ፣ እኔ ትምህርት ቤት። ትንሿ እህቴ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኝታ ነበር። ከማሞቂያው ያፈተለከው ያ መርዘኛ ጭስ አይታይ፣ አይሸት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍል አንድ አልጋ ብቻ ቀረ፤ እሱም ያሞቀውን ቤት አንድ ሰዓት ሳይጠብቅ ወጥቶ አያውቅም። በቤታችን ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት አስተማሪዋ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ቢሮ ከተፍ አለች። አቤቱታዬን መልሱልኝ ትላለች። ማሞቂያው ደግሞ ሲያስቸግራት አባባን ጠርታው ኖሯል። ሠርቶ፣ የሠራበትን ብቻ አስከፍሎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ራሳችሁን አላመማችሁም? ልጆቹ ነቅተዋል? ብሎ ጠየቃት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጢሙ ላይ በረዶ ጠጥሯል። ግቡና እሳት ሙቁ ብትለው፣ አይ ልጄ፣ መቀመጥ ተከልክሏል አላት። ጎረቤቶቿን ብትጠይቅ የብርዱን ወራት ሙሉ በየደንበኛው ደረጃ ላይ እንደዚያው ነው የከረመው።

ብርዱን ያመጣው ከዚያ ነው እማዬ። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ትዪ ነበር። ብትቆጪኝም አልቀየምሽም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ምግብ አትሥሪ፣ አትድከሚ። አልጋው አጠገብ አንድ ወንበር ብቻ አኑሪልኝ፤ እስኪነቃ እቀመጣለሁ።

እግዜር ትንፋሹን ያቆይልን፤ አንቺንም ያበርታሽ።

የቀረችልሽ ልጅሽ