ለድመቴ የጠፋው ማሸጊያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ባሕር ዳር

ድመቴ ቡሬ ዛሬ ጧት ከጎረቤቴ ከጋሼ ፈንቴ አጥር ሥር የዓሣ ጭንቅላት በልታ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ለሃጯ ይዝረበረብ፣ እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሄጄ ባየው ጭንቅላቱ ላይ የአይጥ መርዝ ተነስንሶበታል።

የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወልሁ። «ወተት እንዳትግቻት፤ እንድታስመልስም አታስገድጃት። የመርዙን ማሸጊያ ይዘሽ ቶሎ አምጫት» አለኝ።

ጋሼ ፈንቴ በራቸው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ማሸጊያውን ብለምናቸው መፋቂያውን ከአፋቸው እንኳ ሳያወጡ ማሉ። «ሚካኤልን! መርዝ የሚባል እቤቴ ገብቶ አያውቅም። የሰው ዓይን ይሆናል የበላት፤ ወተት ስጫት።»

አንቱ የምላቸው ለሽበታቸው ነው፤ ለእሳቸውማ አንተም ይበዛባቸዋል።

ቡሬን በፎጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ልገባ ስል ጋሼ ፈንቴ እየሮጡ መጡ። በአንድ እጃቸው አንገቱ የተንጠለጠለ አውራ ዶሯቸውን፣ በሌላው የመርዙን ማሸጊያ ይዘዋል። «ልጄ፣ ዶሮዬንም ይዘሽልኝ ሂጂ! ሐኪሙ ይህን ሲያይ ያውቃል!»

ለድመቴ የጠፋው ለዶሯቸው ተገኘ! ዶሮው ግን እጃቸው ላይ እያለ ጸጥ ብሎ ነበር። ማሸጊያውን ነጥቄ ሄድሁ።

ቡሬ መርፌ ተወግታ ሐኪሙ ዘንድ ናት። መትረፏን ነገ እንጂ ዛሬ ማወቅ አይቻልም ብሎኛል።

ስመለስ ጋሼ ፈንቴ ሰው ሰብስበዋል። ስለ ቡሬ አልጠየቁኝም። «ዶሮዬን የገደለችው እሷ ናት» እያሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ ለሰፈራችን ለሹም አቦ ሰው ሁሉ ያወራሉ።