ለሚካኤል ማኅበር ማን ይቅዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለይርዳው፤ የመተማ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ከረመ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ሩዙ ደርሷል፤ ቡሬዋም ወልዳለች።

እኔ ግን መጠጥ ከተውኩ ወዲህ የሰው ነገር አንገሽግሾኛል። ደቦ ላይ ጠላው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስሜን ጠርተው «ለያየህ ውኃ!» እያሉ ማሳው እስኪሰማ ይጮኻሉ። ስስቅ ቀምሷል ይላሉ፤ ዝም ስል አምሮታል። ጎረቤታችን ማናዬማ ሃይማኖቱን ለውጧል ብሎ ለንስሐ አባቴ ነግሯል። ባለቤቴ እየሩስ እንኳ ከወረታ ገበያ ስመለስ መጀመሪያ የምታሸተው አፌን ነው። ድኛለሁ ብል ማን ይሰማኛል?

ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ የእኛ ተራ ነው። እየሩስ ጌሾውን ወቅጣለች። ጋኑን ጎረቤት አስቀምጪው ብላት ለምን አለችኝ፤ ተቆጣኋት። ደግሞ ታውቃለህ፣ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም።

የሰሊጡ አጨዳ ባያልቅም ለዋዜማው ድረስልኝ። አንተ ትቀዳለህ፤ እኔ እንጀራና ወጡን አቀርባለሁ። ምን አመጣህ የሚልህ ካለ ወንድሜ ናፍቆኝ ነው በል። እየሩስም ብትጠይቅህ እንደዚያው በላት።

በሰላም ያገናኘን።
ወንድምህ ያየህ፣ ከቁሐር ሚካኤል