ቡናዬን ቤት ያስገባሁበት ወጀብ

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ጅማ መርካቶ ያለው ሱቅ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆቹ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ወገቤን ከሚቆርጠኝ በቀር ደህና ነኝ።

ሰኮሩ ገበያ ላይ ያሉኝን አልረሳሁም። ባልሽ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ውሃ በከበበው ጉብታ ላይ ከጉማሬ ጋር መኖር ይብቃሽ፤ ዘንድሮም ቡናው ከተበላሸ ቤቱን ቆልፈሽ ጅማ ትገቢያለሽ ብለውኛል። እሺ ያልኩት አንጀቴ እያረረ ነው።

ጥቅምት ላይ ቀዩን እሸት ቡና በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቼ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፉ ጫፍ ወርደው ጓሮዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጎጡ። ጉማሬዋም ግልገሏን አስከትላ በጠራራ ፀሐይ ከውሃ ወጣች። ወላሂ ደነገጥኩ፤ አውሬ ያለ ነገር ሰው ደጅ አይጠጋም፤ ወጀብ ሊመጣ ነው አልኩ።

የማዶ ሰዎች ደመና ሲያዩ ቡናቸውን ላስቲክ ያለብሳሉ። እርጥብ ቡና ላስቲክ ስር ሲሰነብት ይሻግታል፤ አምና የእኔም የጠፋው እንደዚያ ነው። ዘንድሮ መኝታዬን አፍርሼ አወጣሁና ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፌ ቡናውን ቤት ውስጥ መበተን ጀመርኩ። ብቻዬን የት እችላለሁ! ወጀቡም ደረሰ፤ ታንኳ ቀዛፊው ጀቤሳ ከማዶ አይቶኝ በዚያ ወጀብ እየቀዘፈ መጣ። አብደሃል ወይ ብዬ ጮህኩበት። ጆንያ አቀብዪኝ ብቻ አለኝ።

ወጀቡ ሦስት ቀን አልለቀቀንም። ሌሊቱን እሱ ማድ ቤት፣ እኔ በርጩማ ላይ፣ ጉማሬዋ ደጃፍ አደርን! ወሬው ደርሶዎት ከሆነ እውነቱን ከእኔ ይስሙ። ለሶላት ካልሆነ እጃችን ከቡናው አልተነሳም፤ ስናገላብጥ ዋልን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ልደብቅዎት።

ኤጋ እንግዲህ ወንድሜ፣ ረታሁ! ማዶ ብዙ ሰው ቡናው ሻግቶበታል፣ አዝኛለሁ። ጅማ የላክሁትን የእኔን ናሙና ግን የቀመሰው ቡና ቀማሽ፣ ይህን ያደረቀው ማነው ብሎ እዚህ ድረስ መጣ። እኔ ናኢማ ነኝ አልኩት፣ ውሃው ማዶ እስኪሰማ። ቡናዋን ቤቷ አስገባች እያሉ ሲስቁብኝ የነበሩት የማዶ ሴቶች ሳይቀሩ እልል አሉልኝ።

አርብ የቤቱን ቁልፍ ሊቀበሉ እንደሚመጡ ነግረውኝ ነበር። ቁልፉን አልሰጥም። እርስዎ ግን አይቅሩ፤ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጥላዎን አያንሳብኝ። ነጩን ጀለቢያዎን ይልበሱ፣ ኒካህ የሚያስሩትን ሸኽ ኡመይርንም ይዘው ይምጡ። ጀቤሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ታንኳው ዘንድ ይጠብቅዎታል።

ታናሽ እህትዎ