ኢንተርኔቱ ከተቋረጠብሽ

ቤዚ፣
ለእናቴ አርባ ወደ አንኮበር ሄጃለሁ። እሁድ እመለሳለሁ።

ኢንተርኔቱ ከተቋረጠብሽ መጀመሪያ የራውተሩን ሶኬት ንቀይው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂና መልሰሽ ሰኪው። መብራቶቹ አረንጓዴ እስኪሆኑ ድረስ አትነካኪው። ቀዩ መብራት አልጠፋም ካለ ከኋላ የገባውን ገመድ ጫን አድርጊው፤ ላልቶ ይሆናል። እኔም ማንም ሳያሳየኝ ስነካካ ነው የለመድኩት።

ትናንት ስነካካው ግን ሳጥኑ ግሎ እጄን ሊያቃጥለኝ ደረሰ። ያፈነው ከላይ ያለበስኩት ዳንቴል ነው። እናቴ የሠራችው።

ያኔ ሳለብሰው "አስኩዬ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ በእሱም ላይ ከፋበት እንዴ?" ብለሽ ስትስቂ ተቆጥቼሽ ነበር።

ወንድሜ የታመመች እናቴን ፊት ሊያሳየኝ ከአንኮበር በቪዲዮ የደወለ ቀንም፣ ገና "አስካለ" ስትል መስመሩ ተቋረጠ። "አንቺና ፊልምሽ መስመሩን ጨረሳችሁት!" ብዬ ጮህኩብሽ።
"ኧረ ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ የለውም፣ እይው!" አልሽኝ።
አላየሁትም። እናቴ በማግስቱ አረፈች። ለቀብሯ እዚያ ድረስ መጥተሽ አጠገቤ ስትቀመጪም ፊቴን አዞርኩብሽ። እስካሁንም ምንም አላልኩሽም።

ትናንት ዳንቴሉን ሳነሳው ራውተሩ ቀዘቀዘ፣ መስመሩም ተመለሰ።
መልሼ አለበስኩት። ራውተሩን ያለ እሱ ማየት አልቻልኩም።

እሁድ ከመምጣቴ በፊት ዳንቴሉን አንቺ አንሺልኝ። የት እንዳስቀመጥሽው እስክጠይቅሽ ድረስ አትንገሪኝ።

አስካለ