አንድ ክንድ ከጎማው በላይ

ለሽፈራው፣ ለልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። አሰላ እንደምታውቃት ጭቃ ናት። ቤንዚን በኩፖን ሆኗል፤ አንዱን ክፍል ለአንዲት አስተማሪ አከራይቻለሁ። ልጃችን በቀለ ጢም አውጥቷል። ተገልብጣ የነበረችውን ፒካፕህን አስጠግኖ ሁሩታና በቆጂ እየጫነ ያኖረኛል። ሲስቅ አንተን ነው። ይህን የምጽፈው ግን ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም።

ያቺን መኪና ከፍ ያደረግክበት ቀን ትዝ ይልሃል? ጭቃው ሆዷን እየያዘ አስቸገረኝ ብለህ፣ ከትልቅ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ፣ ያንን መኪና የሚሸከም ድርብርብ የብረት ሞላ፣ ከኋላ አስደረብክባት። ልኩን የወሰድከው በክንድህ ነው። ክርንህን ጎማው ላይ አስደግፈህ፣ የጣትህ ጫፍ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ነካ ብቻ እስኪያደርግ ድረስ አስጨመርክ። ከሩቅ ስትታይ ኋላዋን የቀሰረች ፌንጣ መስላ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ፣ አንተ ኮራህ። ጭነት ሲኖራት ደህና ነበረች፤ ባዶዋን ስትሆን ግን ትዘላለች። መካኒኩ ጋሽ ገመዳ እኔ ባለሁበት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ነገረህ።

«ባዶዋን ስትመለስ ትጥልሃለች፤ ዝቅ አድርጋት።»

ገመዳ አርጅቷል ብለህ ሳቅክበት። ብዙም ሳትቆይ የገበሬ ማኅበሩን ገብስ አሰላ አራግፈህ፣ ለሌላ ጭነት ባዶዋን ወደ በቆጂ ስትመለስ ኩርባው ላይ ተገለበጠች። አጠገብህ የተቀመጠው ወንድሜ ታደሰ ነበር። እሱም እዚያው ቀረ።

ለቅሶ ላይ ሁሉም ጭቃ ጨረሳቸው አለ። እኔም የጋሽ ገመዳን ማስጠንቀቂያ አላነሳሁም። ልጅ አባቱን ያክብር ብዬ፣ ወንድሜን የቀበረብኝን ሰው ለልጄ ጀግና አድርጌ ሳወራለት ኖርኩ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ጋሽ ገመዳ ሲጠግናት ዝቅ ያደረጋትን መኪና በቀለ ግቢ ውስጥ በክሪክ አንስቶ ባሌስትራ ሲደርብባት አገኘሁት። ክርኑን ጎማው ላይ አድርጎ ይለካል። የአባቴ ልክ አንድ ክንድ ነው አለኝ። የሱ ክንድ እኮ ካንተ ክንድ ይረዝማል፣ ሽፌ። ካንተም አስበልጦ ሊሰቅላት ነበር።

ለመንኩት፣ አልሰማኝም። አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው የነዳት አለ። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ያቆየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ገመዳ ያለህን፣ አንተ የመለስከውን፣ ታደሰን ማን ይዞት እንደሄደ። ቀስ ብዬም አልነገርኩትም። ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ነገርኩት፤ ደግሞም፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ቀለለኝ።

ባሌስትራውን ፈታው። የመኪናዋ መስታወት ላይ የለጠፈውን ፎቶህንም ነቅሎ እኔ አልጋ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ስምህን አይጠራም። ሙት ዓመትህን ሳስብም ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። ልጄን አተረፍኩት፤ አባቱን ግን ገደልኩበት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ከኔ በቀር የሚያነሳህ የለም። ኩራትህንም፣ ሳቅህንም፣ ታደሰንም አንድ ላይ አነሳለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ይቅርም አልልህም።

ሚስትህ አልማዝ