በሽቦ የታሰረው ቡሽ

ይድረስ ለጫልቱ አባት፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጤናህ እንዴት እንዳለቀ አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከተለያየን ዓመት ሞላን። በሕይወት ሳለህ «እርስዎ» ነበር የምልህ፣ አሁን «አንተ» ብዬሃለሁ። የመንዝ ሰው የነበረው አባቴ ቢሰማ ባል እንዲህ አይጠራም ብሎ ይቆጣኝ ነበር። እሱም እንዳንተው ሞቷል፤ ስለዚህ የሚቆጣኝ የለም።

ቤቱ እንዳለ ነው። አንተ ዛሬ ነገ ስትለው የኖርከውን የጣራ ቀዳዳ አስደፈንኩት። ወንበርህ ላይ ድመቷ ትተኛለች፤ ካንተ ይልቅ እሷ የሰው ነገር ትሰማለች። የሬሳ ሳጥንህ ሲመታ አናጢው ሚስማር ሲቆጥብ አይቼ ጨምርበት እንዳልኩት ማንም አልነገረህም። ጥብቅ ያለ ነገር እንደምትወድ ስለማውቅ ነው።

ክፉ ሆንሽ እንዳትለኝ። ወድጄህ ነበር። ነቀምቴ ገበያ ላይ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ቅቤ ስከራከር ከኋላዬ ቆመህ የሳቅከው ሳቅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ቅቤ ሻጯ እኔ ያልኩት ሳይገባት አንተ ተርጉመህ፣ ከእኔ ይልቅ ለእሷ አድልተህ፣ አስወድደህ አስገዛኸኝ። የዚያን ቀን ነው ልቤ የሄደው። ጫልቱን በትከሻህ ተሸክመህ የጉቴን መንገድ በጭቃ ስታቋርጥ፣ እግሯ ደረትህን ሲያጨቀየው ምንም ሳይመስልህ ስትዘምርም አይቻለሁ። ያን ሰው እወደው ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለሌላኛው ነው።

ሲስተርን ታስታውሳታለህ፣ የሚሽኑ ክሊኒክ ነርስ የነበረችውን ረጅሟን ፈረንጅ። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ያን የሚያሳሳ ነገር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከፊር ነው አለችኝ። የተሰባበረ ጨው የሚመስሉ፣ ሲነኳቸው ግን የሚለሰልሱ ፍሬዎች ናቸው። በስኳር ውሃ ውስጥ ሲኖሩ ይበላሉ፣ ይባዛሉ፣ ውሃውንም ኮምጠጥ ጣፈጥ ያደርጉታል። ጠላና ጠጅ ለማይቀምሱት ለእኛ ዓይነቶቹ ምእመናን ደስታ ነበር። ጎረቤቱ «ቢሻን ሲስተሪ» ይለው ጀመር፣ የሲስተር ውሃ ማለት ነው። አንተም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮትህን ሳታወልቅ ብርጭቆ ትፈልግ ነበር።

ሲስተር ስታስተምረኝ አንተም ቆመህ ሰምተሃል። ጠርሙሱ ወፍራም ይሁን አለች። እስከ አፉ አትሙሉት፣ በየቀኑ ቡሹን ከፍታችሁ አስተንፍሱት፣ ፀሐይ አታሳዩት አለች። እውነተኛ ሴት ስለነበረች ደግሞ አንድ ነገር አልደበቀችንም፤ ብዙ ቀን ከቆየ ትንሽ የመጠጥ ነገር ያበጃል አለችን። አንተ ከዚህ ሁሉ ያዝከው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ፊትህ እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ይታየኛል።

ያ የወለጋ ምእመናን ጉባኤ በእኛ ከተማ የዋለ ጊዜ እንግዶቹን በዚህ ውሃ ልትቀበል ተነሣህ። ሱቀኛው ሸምሱ የቢራ ጠርሙስ፣ ያን ወፍራሙን፣ ይዞልህ መጣ። ቢራ የነካውን ለእግዚአብሔር ሰዎች አላቀርብም ብለህ መለስክበት። መድኃኒት የነበረባቸውን ስስ ጠርሙሶች ለቃቅመህ መጣህ፣ ንጹሕ ናቸው ብለህ። ንጹሕስ ነበሩ። ከዚያ ጠጅ የሚሆነው የሚፈላ ነገር ነው፣ መፍላቱን ከከለከልነው ጠጅ አይሆንም ብለህ ተፈላሰፍክ። አፍ አፋቸው ድረስ ሞላህ፣ ቡሹን በመዶሻ መታህ፣ በሽቦ አሰርክ፣ በላዩ ሻማ አቀለጥክበት። ማስተንፈስ አለበት ብዬ ብነግርህ ሴት ስለ ጠጅ እንጂ ስለ መንፈስ ምን ታውቃለች አልከኝ። እንግዳ ሲገባ እንዲያየው ብለህ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ደረደርካቸው። እንዲህ ያለ ስህተት ሰካራም አይሠራውም፤ መስከርን እንዲያ የሚፈራ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ጉባኤው በተከፈተ ቀን እንግዶች ቤታችን ሲገቡ ጫልቱን ጠራሃት። ገና ጥርሷ የሚነቃነቅ ልጅ ነበረች። ከመስኮቱ ጋ ያለውን አምጪ አልካት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ድምፁ የጠመንጃ ነበር የሚመስለው። ስደርስ ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች እንጂ አላለቀሰችም፤ በጣቶቿ መካከል ደም ይወርድ ነበር። ሽቦው ግን አልተፈታም። ቡሹን እንደያዘ የጠርሙሱ አንገት መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት።

የግራ ዐይኗ አልተረፈም። ይህን እንኳ ይቅር ልልህ እችል ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። ይቅር የማልልህ የጉባኤውን መዝጊያ ነው። ልጅህ ዐይኗ በፋሻ ታስሮ በክሊኒኩ አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ አንተ ምሥባክ ላይ ወጣህ። አትንኪ ያልኳትን ነካች፣ አለመታዘዝም ዋጋዋን አስከፈላት ብለህ በልጅህ ሰበክህ። ሰው አለቀሰ። ግሩም ስብከት ነበር ብለው እጅህን ጨበጡህ። በቤታችን ጠርሙስ እንዴት ፈነዳ ተብሎ የአንተ የአስተማሪው ስም ከሚነሣ የሕፃኗ ስም ይነሣ አልክ በልብህ።

እውነቱን ተናገርላት ብዬ በቤት ስነግርህ ምሥባክ ላይ የተባለ አይመለስም አልከኝ። ደጋግሜ ነገርኩህ፣ ደጋግመህ እንዲሁ አልከኝ። እሷ ግን «ያልታዘዘችዋ» ተብላ አደገች። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ዐይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ይከተሏት ነበር። አንተ ይህን ታይ ነበር፣ ባርኔጣህን ዝቅ አድርገህ ታልፍ ነበር።

ፍሬዎቹንም ቦይ ውስጥ ድፊ አልከኝ። ግማሹን ደፋሁ። ግማሹን ጨለለቂ ለምትኖረው ለወዳጄ ለአዴ ዲንሴ ሰጠሁ፣ እሷም ሳትሰለች ስኳር እያበላች አቆየችልኝ። ይህን ሳታውቅ ሞትክ። መሞቻህ ሲደርስ፣ ትኩሳቱ ከንፈርህን ሲሰነጣጥቀው፣ ምን እንዳማረህ ታስታውሳለህ? ያችን የሲስተርን ውሃ አልከኝ፣ አንዲት ብርጭቆ ብቻ። አስደፍተኸኝ የለም እንዴ አልኩህ። ፈልቶ የበረደ ውሃ በማንኪያ ሰጠሁህ። ዲንሴ ቤት ደርሶ መመለስ ሩቅ አልነበረም። ጫልቱ ያኔ ጉቴ ታስተምር ነበር፣ ይህን አላየችም፣ አልነገርኳትምም። ለአንተ እየነገርኩህ ያለሁት እንድታውቀው ነው እንጂ ቆጭቶኝ አይደለም።

አሁን ወደ አዲሱ ወሬ። ከቀብርህ በኋላ ፍሬዎቹን ወደ ቤት አመጣኋቸው። ጫልቱ አየቻቸውና አዮ፣ እናቴ፣ አስተምሪኝ አለችኝ። ያ ሁሉ የደረሰባት ልጅ ጠርሙስ ትንካ? አልኩ። እሷ ግን የፈራሁትን ነገር አውቄው ልፍራው አለች። ይህ ቃል ካንተ የወረሰችው እንዳልሆነ ታውቃለህ።

እጇን በሳሙና አሳጠብኳት። ውሃ አፍልታ አበረደች፣ ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ አማሰለች፣ ፍሬዎቹን ጨመረች። አፈ ሰፊውን ዕቃ በክዳን ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና በክር አሰረች፤ ዝንብ እንዳይገባ፣ ትንፋሹ ግን እንዲወጣ። ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ሻጋታ ካየሽበት ወይም ሽታው ካስጠላሽ አትሳሺ፣ ፍሬውንም ውሃውንም ድፊ አልኳት። ሲደርስ አጥልላ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ በፈላ ውሃ ባጠበችው የቢራ ጠርሙስ ቀዳችው። አዎን፣ የቢራ ጠርሙስ! ከሸምሱ ሱቅ የመጣ! አንገቱን ባዶ ተወችለት። መጀመሪያ ቡሽ የነቀለች ቀን ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ፣ አፉን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የቀረችውን ዐይኗን ጨፍና ስታላላው አየሁ። ጺስ አለና አበቃ። እሷ ሳቀች፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ባል መጣላት። ገመቹ ይባላል፣ አብሯት የሚያስተምር የአርጆ ልጅ ነው፣ ፊቷን ሲያይ ወደ ጎን አያይም። ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቱ ኦቦ ጉደታ ነበሩ። ሰላምታው ተሰጥቶ፣ አከም ጂርቱ ነጋ ነጋ ተብሎ፣ ከብቱም ዝናቡም ተጠይቆ ሲያበቃ ኦቦ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ጉባኤ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እንደነበር ተናገሩ። ልጅቱ አለመታዘዝ እንዳለባት አባቷ ራሱ መስክሯል፤ የእግዚአብሔር ሰው በልጁ ላይ አይዋሽም፤ ለወንድሜ ልጅ የማትታዘዝ ሴት ወስጄ ነገ ምን ልባል ነው አሉ። ሞተህ እንኳ ምሥባክህ ላይ ነበርክ። ደሜ ፈልቶ አፌን ስከፍት ጫልቱ ጠርሙስና ብርጭቆ ይዛ ገባች።

ሰምታለች። ጠርሙሱን በፎጣ ይዛ፣ አፉን ከሰው መልሳ፣ ቡሹን ቀስ ብላ አላላች። ጺስ ሲል ኦቦ ጉደታ በወንበራቸው ወደ ኋላ ሸሹ። እሷ ዛሬ ዐይኗን አልጨፈነችም። እየቀዳችላቸው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ኦቦ ጉደታ፣ አባቴ ከመስኮቱ ጋ ያለውን አምጪ አለኝ፣ ሄጄ አመጣሁ፤ ዐይኔን ያጣሁት ታዝዤ ነው አለቻቸው።

ልጅ ነበረችና ረስታዋለች፣ ያንተንም ወሬ አምና ትኖራለች እያልኩ ስንት ዘመን ተቃጠልኩ። ለካ አንድ ቃል አልረሳችም። አንተ በሕይወት በነበርክበት ዘመን ሁሉ ዝም ያለችው ልታዋርድህ ስላልፈለገች ነው። እኔም ያላትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሽቦውንም ያሰረው እሱ ነው አልኩ። ኦቦ ጉደታ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ «ዱጋ» አሉ፣ እውነት ነው እንደ ማለት፣ ጠጡትና ብርጭቋቸውን መልሰው ዘረጉላት። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ወደ አርጆ ጠርሙስ ልውሰድ ቢሉኝ በአውቶቡስ ሙቀትና ንውጥውጥታ አይሆንም ብዬ ፍሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ቋጠርኩላቸው። እንግዲህ አርጆ ውሃው በተጠጣ ቁጥር ይህ ታሪክ እንዴት እንደሚወራ አስበው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጫልቱ ከጠርሙሱ የቀረውን በአንድ ብርጭቆ ቀዳች። ወንበርህ ላይ የተኛችውን ድመት አስነሥታ፣ ጠረጴዛውን አስጠግታ፣ በፊትህ እንደሚቀመጥ አድርጋ አስቀመጠችው። አባባ ይወደው ነበር፣ ዛሬ ይቀመጥለት አለችኝና ዕቃ ልታጥብ ወጣች። ይቅር ብላሃለች። እንዴት እንደቻለችበት አላውቅም፣ እኔን አልጠየቀችኝም።

እኔ ግን አልረሳህም። በየጠዋቱ ቡሽ ባላላሁ ቁጥር አስብሃለሁ። የልጅ ልጆችህ የእናታቸውን ዐይን ሲጠይቁኝ ስምህን ከነአባትህ እነግራቸዋለሁ፣ ቃል ገብቼልሃለሁ። ብርጭቆህንም አልተውኩልህም። ጫልቱ ጀርባዋን ስትሰጥ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ እስከ ታች ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ሎሚው ልክ ነበር፤ ያን ቀን የለመንከኝ ዓይነት ነበር።

የጫልቱ እናት